አበደረና ተበደረ

ፊደል ቆጥረናል፤ ቃል ገጣጥመን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ በቅተናል። ከእንግዲህ የሚቀረን መልካቸው የሚመሳሰሉ ቃላትን እየለዩ በየቦታቸው ማግባት ነው። በዛሬው ትምህርታችን አንድ ግሥ እንመለከታለን። ይህ ግሥ በገበያም፣ በእርሻም፣ በእድርም፣ በምድጃ ዙሪያም በየቀኑ ይነገራል። ስንናገረው እምብዛም አንሳሳትም። ስንጽፈው ግን እንሳሳታለን። ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ የአንድ በሬ ዋጋ ያህል ያስከፍላል።

ግሡ «አበደረ» ነው። ወንድሙ ደግሞ «ተበደረ» ይባላል። ሁለቱን ደረድረን እንያቸው።

አበደረ
ተበደረ

በ፣ ደ፣ ረ በሁለቱም ውስጥ አሉ። የተለየው ከፊት የቆመው ፊደል ብቻ ነው። አ ሁለት እግር አለው፤ ተ በአንድ እግሩ የቆመ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ትርጉማቸው ግን ፊትና ኋላ ነው። አበደረ ማለት የራሱን ለሌላ ሰጠ፣ በኋላ ይመለስለታል ማለት ነው። ተበደረ ማለት የሌላውን ወሰደ፣ በኋላ ይመልሳል ማለት ነው። ያበደረው ሰው አበዳሪ ይባላል። የተበደረው ተበዳሪ ይባላል፤ ባለዕዳው እሱ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ በሬው ሞተበት እንበል። ክረምቱ እየገባ ነው። ሌላ በሬ ለመግዛት 20000 ብር ጎደለው። ወደ ጎረቤቱ ሄዶ ቸገረኝ አለ። ጎረቤቱም እሺ አለ። ብሩ ተቆጥሮ ተሰጠ። አንድ ጽሕፈት የሚችል ልጅ ተጠራና ወረቀቱን እንዲህ ብሎ ጻፈ።

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው ገበሬ ከጎረቤቴ 20000 ብር አበድሬአለሁ።»

ተነበበ፤ ተፈረመ፤ ቡና ተጠጣ። ሁለቱም ጉዳዩን ስለሚያውቁት ጆሯቸው ልብ አላለም። ወረቀቱ ግን ምን እንደሚል ቀስ ብለን እናንብብ። ተበዳሪው ራሱን አበዳሪ አድርጎ ፈርሟል። ሁለቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ይህ ላያጣላ ይችላል። አንደኛው ቢሞትና ልጆቹ ወረቀቱን ከሣጥን ቢያወጡትስ? የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። የአበዳሪው ልጆች «አባታችን ነው ያበደረው» ይላሉ። የተበዳሪው ልጆች ደግሞ «ተጽፎ የምናየው አባታችን እንዳበደረ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ውሸታም አይደለም። ሽማግሌዎችም ተቀምጠው አንድ ፊደል ሲመረምሩ ይውላሉ።

ታዲያ በዚያ ወረቀት ላይ እውነቱን የሚጠቁም ሌላ ነገር የለም ወይ? አለ። «ከጎረቤቴ» የሚለው ቃል አለ። ከ እና ለ የእነዚህ ሁለት ግሦች ጓደኞች ናቸው። ከ የሚሄደው ከተበደረ ጋር ነው፤ «ከጎረቤቴ ተበደርኩ» እንላለን። ለ የሚሄደው ካበደረ ጋር ነው፤ «ለጎረቤቴ አበደርኩ» እንላለን። ከ እና አበደረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተው ካየን ጸሐፊው ተሳስቷልና ቆም ብለን እንጠይቅ።

ለ እና ተበደረ ሲገናኙ ግን ሁልጊዜ ስሕተት ነው አንልም። «ለጓደኛዬ ተበደርኩ» ቢባል ትክክለኛ አማርኛ ነው። ትርጉሙ ግን ይከብዳል። ብሩን የሚበላው ጓደኛዬ ነው፤ ባለዕዳው ግን እኔ ነኝ። ይህ ዋስ ከመሆንም ይለያል። ዋስ የሚጠየቀው ሌላ ባለዕዳ ስላለ ነው። ለጓደኛው የተበደረ ሰው ግን ራሱ ባለዕዳው ነው። በገበያ ቀን ሰው ሞቅ ብሎት እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም እንመክራለን።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። አ እና ተ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ቆመው አይጠብቁንም። ግሡ ጊዜውንና ባለቤቱን ሲለውጥ እነሱም መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ይደበቃሉም። «ነገ ይበደራል» በሚለው ውስጥ ተ የት አለ? የለም። «ነገ ያበድራል» በሚለው ውስጥስ አ የት አለ? ያ በሚለው ፊደል ውስጥ ገብቷል። ጥቂቶቹን ጎን ለጎን አድርገን እናንብብ፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ።

አበድራለሁ፣ እበደራለሁ።
ያበድራል፣ ይበደራል።
ታበድራለች፣ ትበደራለች።
እናበድራለን፣ እንበደራለን።
ላበድር፣ ልበደር።
ማበደር፣ መበደር።

በየመስመሩ መጀመሪያ ያለው የሰጪው ነው። ሁለተኛው የተቀባዩ ነው። ከበ በፊት ያለውን ፊደል ልብ በሉ። በሰጪው በኩል አ፣ ያ፣ ታ፣ ና፣ ላ፣ ማ እናገኛለን። እነዚህን ስንል አፋችን ይከፈታል። በተቀባዩ በኩል ግን እ፣ ይ፣ ት፣ ን፣ ል፣ መ ናቸው፤ አፋችን እንደዚያ አይከፈትም። አበዳሪ እጁን ሲከፍት አፉንም ይከፍታል ብለን ብናስታውሰው አይጠፋብንም። ጨዋታ ነው፤ ግን ይሠራል።

ከበ በፊት ያለውን ፊደል ያልነው በምክንያት ነው። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። «አልበደርም» የሚለውን ቃል እንይ። በአ ይጀምራል። ነገር ግን ማበደርን አይናገርም፤ እኔ ብድር አልወስድም ማለት ነው። ይህ አ የአሉታ አ ነው፤ አልሄድም፣ አልበላም በሚሉት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ከበ በፊት ያለው ል ስለሆነ ግሡ የተቀባዩ ነው። «አላበድርም» ሲሆን ግን ከበ በፊት ላ አለ፤ ለሰው ብድር አልሰጥም ማለት ነው። አላበደርኩም፣ አልተበደርኩም የሚሉትንም በዚሁ ለዩ። ሰው በሸንጎ ቆሞ «አልተበደርኩም» ለማለት ፈልጎ «አላበደርኩም» ብሎ ቢያስጽፍ የተጠየቀውን አልመለሰም ማለት ነው።

ለትልቅ ሰው በአክብሮት ስንናገርም ደንቡ አይለወጥም። «እትዬ፣ ጨው ያበድሩኝ» እንላለን። ከበ በፊት ያ አለ፤ ሰጪዋ እትዬ ናቸው። «እትዬ ትናንት ከእኛ ጨው ተበደሩ» ስንል ግን ከበ በፊት ተ አለ፤ ጨው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው።

በአነጋገር አንድ ሌላ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው «መቶ ብር ተበደርኩት» ይላል። በዚህ ቃል መጨረሻ ያለው ት ማንን ነው የሚያመለክተው? ብሩን ነው ወይስ ሰውዬውን? በአፍ ሲነገር ፊትም እጅም ስለሚያግዝ ይገባናል። ወረቀት ግን ፊትም እጅም የለውም። ስለዚህ ስንጽፍ «ከእርሱ መቶ ብር ተበደርኩ» ብለን ዘርዘር እናድርገው።

ተ ወደ ራስ የሚስብ፣ አ ወደ ሌላ የሚሰጥ የሆነባቸው ሌሎች ግሦችም አሉ። ተቀበለና አቀበለ፣ ተከራየና አከራየ፣ ተዋሰና አዋሰ እንዲሁ ናቸው። ተረከበና አስረከበ፣ ተማረና አስተማረም ዘመዶቻቸው ናቸው፤ በእነዚህ ግን አ ብቻውን አልመጣም፤ አስ ሆኖ መጥቷል። እንግዲህ ተ ያለበት ግሥ ሁሉ ተቀባይ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ተሰጠ፣ ተበላ፣ ተሰበረ የሚሉት ሌላ ናቸው። እንጀራ ተበላ ስንል እንጀራው ምንም አልተቀበለም።

ከእነዚህ መካከል ተከራየና አከራየ ለገበሬ ጠንቃቃ ዓይን ይፈልጋሉ። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ አይሸጥም። ዛሬ ግን ሕጉ በፈቀደው መጠንና ጊዜ ይከራያል። ባለ ይዞታው አከራይ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚያርሰው ተከራይ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰጥታ በወረቀቱ ላይ «ተከራይቻለሁ» ተብሎ ቢጻፍባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በገዛ ማሳዋ ላይ ተከራይ ሆነች ማለት ነው። ባለመሬቷ ሌላ ሰው ነው እንደማለት ነው። መጻፍ የነበረበት «አከራይቻለሁ» ነው። እዚህም የተለወጠው አንድ ፊደል ነው።

አሁን ደግሞ ተዋሰንና ተበደረን እናነጻጽር። ይህ የቃሉ ጣዕም ያለበት ቦታ ነው፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። ሁለቱም ወስዶ መመለስን ይናገራሉ። የሚለያዩት በሚመለሰው ነገር ነው። ጤፍ የተበደረ ሰው ያንኑ ጤፍ አይመልስም፤ ያንን በልቶታል ወይም ዘርቶታል። የሚመልሰው በዓይነቱና በልኩ እኩል የሆነ ሌላ ጤፍ ነው። ብርም እንደዚሁ ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ ዘር፣ እንጀራ ሁሉ ብድር ናቸው። መጥረቢያ የተዋሰ ሰው ግን የሚመልሰው ያንኑ መጥረቢያ ነው። ወንፊት፣ ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ አካፋ፣ አህያ፣ በሬ ትውስት ናቸው። ስለዚህ «እትዬ፣ ጨው ያበድሩኝ» እንላለን፤ «ወንፊትዎን ያውሱኝ» ደግሞ እንላለን። እሳት ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። እሳት አይበደሩትም፣ አይዋሱትም፤ ይጭሩታል። ለምን ቢባል፣ ፍም ቢወሰድ የሰጪው ምድጃ አይጎድልም።

ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስለን። «በሬ ተዋስኩ» ካልኩ በሬው የባለቤቱ ነው፤ አርሼበት ያንኑ በሬ እመልሳለሁ። «በሬ ተበደርኩ» ካልኩ ግን በሬው የእኔ ሆኖ በምትኩ ሌላ በሬ እከፍላለሁ እንደማለት ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ጠምደው በየተራ ቢያርሱ ደግሞ ይህ መቀናጆ ነው፤ ብድርም ትውስትም አይደለም። የጉልበት መለዋወጡም ወንፈል የሚባል የራሱ ስም አለው። ስም ያለውን ነገር በስሙ መጻፍ ነው።

በከተማ «አሥር ብር አውሰኝ» ሲሉ እንሰማለን። አሥር ብሩ ያው ወረቀት ሆኖ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል፤ ለአፍ ሲሆን ማንም አይቆጣም። ምሁራንም ከሌላ ቋንቋ የመጣን ቃል የውሰት ቃል ይሉታል። ባንክ፣ ፖሊስ፣ ትራክተር እንደዚህ የመጡ ናቸው። እንደ ትውስት ደንብ ከሆነ መመለስ ነበረብን። እስካሁን አልመለስንም፤ ባለቤቶቹም አልጠየቁንም።

የተዋሰ ግሥ አረባብም እንደ ተበደረ ነው። አውሳለሁ የሰጪው፣ እዋሳለሁ የተቀባዩ ነው። ያውሳል፣ ይዋሳል። አውሰኝ፣ ልዋስህ። ያዋሰው ሰው በስም ሲጠራ አዋሽ መባሉ ነው፤ ወንዙን ስለሚያስመስል ግን «ያዋሰው ሰው» ብንል ይሻላል።

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችንም በዚሁ ጉዳይ ሲደናገሩ ይታያል። በእንግሊዝኛ ማበደር «ሌንድ» ይባላል፤ መበደር «ቦሮው» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በመልክ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ልጁ እንደኛ አንድ ፊደል ይዞ ሊለያቸው አይችልም፤ የቱ የሰጪው፣ የቱ የተቀባዩ እንደሆነ መሸምደድ አለበት። ብዙ ልጆች እስክሪብቶ ሲፈልጉ «ቦሮው ሚ» ይላሉ። ስሕተት ነው። ሰጪው ሌላው ስለሆነ «ሌንድ ሚ» መባል አለበት። ልጁ ራሱን ባለቤት አድርጎ ሲጠይቅ ግን «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን» ይላል፤ እስክሪብቶህን ልዋስ ማለቱ ነው። እንግሊዞች ለብሩም ለእስክሪብቶውም፣ ለእህሉም ለበሬውም በእነዚሁ በሁለቱ ቃላት ይጠቀማሉ። ብድርንና ትውስትን በግሡ አይለዩም። ልጆቻችሁ የቤት ሥራ ሲሠሩ «ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እንግሊዝኛ ባታውቁም በዚህ ጥያቄ ልታግዟቸው ትችላላችሁ።

ወደ ወረቀታችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ብድር የሚናገረው አለ። ሕጉ ብድርንና ትውስትን በተለያየ ቦታ ለይቶ ነው የጻፋቸው። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ ያለዚያ ባለዕዳው በፍርድ ቤት ሲያምን ወይም በዚያው በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ነው። ሲቆጠር ያዩ ምስክሮች ብቻ አይበቁም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን ከትንሽ ብድር በቀር ሁሉም ከዚህ በላይ ነው ማለት ይቻላል። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ በሚያዝበት ውል ላይ ደግሞ ተዋዋዮቹ ይፈርማሉ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ።

ይኸው ሕግ ማንበብ ስለማይችል ሰው የሚለውም አለ። እንዲህ ያለ ሰው በውል ላይ ጣቱን ቢያትም፣ ያንን አሻራ ሥልጣን ያለው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር ውሉ አያስገድደውም። ሕጉ ይህን ያደረገው ያላነበበውን እንዳይከፍል ለመጠበቅ ነው። አሁን እናንተ ስማችሁን ትጽፋላችሁ፤ ትፈርማላችሁ። ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ያ ጥበቃ ማንበብ ለማይችለው የተሰጠ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ፈርሞ ሲያበቃ «ምን እንደተጻፈ አላወቅሁም» ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው የጻፈውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ጸሐፊው ቢቸኩል ይጠብቅ። መጀመሪያ ግሡን ፈልጉ፤ ከበ በፊት ያለውን ፊደል እዩ። ቀጥሎ ከ እና ለ የተሰጠው ለማን እንደሆነ እዩ። የገንዘቡን ልክ በአኃዝም በፊደልም አስጽፉ፤ 20000 የሚለው ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፤ «ሃያ ሺህ ብር» የሚለውን ግን ማንም በቀላሉ አይለውጠውም። ወለድ ካለ ስንት እንደሆነ፣ የሚመለስበትም ቀን መቼ እንደሆነ ይጻፍ።

የመጀመሪያውን ወረቀት በትክክል ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል።

«እኔ ተበዳሪው ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች ያለው፣ ከአበዳሪዬ 20000 ብር (ሃያ ሺህ ብር) ተበድሬአለሁ። ይህንንም ገንዘብ ጥር 30 ቀን እመልሳለሁ።»

ዓመተ ምሕረቱንና ስሞቹን እናንተ ጨምሩበት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተበዳሪው፣ ከ፣ ተበድሬአለሁ፣ እመልሳለሁ የሚሉት አራቱም አንድ ነገር ይመሰክራሉ። አንዱ ፊደል ቢጠፋ እንኳ ሦስቱ ያቃኑታል።

መልመጃ

ትክክለኛውን ቃል መርጣችሁ በባዶው ቦታ ጻፉ።

አክስቴ ሁለት ቁና ጤፍ ከእኛ ______። (አበደረች፣ ተበደረች)

መጥረቢያዬን ለሚዜዬ ______። (አዋስኩት፣ ተዋስኩት)

ገንዘብ ስለቸገረኝ ______ ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሄድኩ። (ለማበደር፣ ለመበደር)

ማሳዬን ለሦስት ዓመት ለጎረቤቴ ______። (አከራየሁ፣ ተከራየሁ)

ዕዳ ስለምፈራ ከማንም ______። (አላበድርም፣ አልበደርም)

ጎረቤታችን ምጣዷ ቢሰበርባት የእኛን ______። (ተበደረች፣ ተዋሰች)

ቀጥሎ ያለውን ወረቀት አንብቡ። «ከአጎቴ 3000 ብር አበድሬ ለገና እመልሳለሁ።» ስሕተቱ የት ላይ ነው? ለማቃናት ስንት ፊደል መለወጥ ያስፈልጋል? ጽፋችሁ አሳዩ።

በመጨረሻ፣ በዚህ ዓመት ለሰው ያበደራችሁትን፣ ከሰው የተበደራችሁትንና የተዋሳችሁትን እያንዳንዱን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያም አበደረና ተበደረ ባሉበት ሁሉ ከበ በፊት የቆመውን ፊደል በክብ ክበቡት።